የአባዬ ላንድሮቨር

የአባቴ መኪና ቀይ ነበረች። ዕድሜዬ አርባን እስኪሻገር ድረስ በዚህ ጉዳይ ጥርጥር ገብቶኝ አያውቅም።

«የአባቴ መኪና» ማለቴ ራሱ ድፍረት ነው። ላንድሮቨሯ የአንድ የደሴ ነጋዴ ሀብት ነበረች፤ አባዬ ሾፌሯ ነበር። ከደሴ ተነሥቶ፣ ሐይቅን አቋርጦ፣ የአምባሰልን ተራሮች እየታከከ እስከ ውጫሌ፣ ሲመቸውም እስከ መርሳ ሰውና እህል ያመላልስባት ነበር። እኔ በተወለድኩበት ዓመት ግን መኪናዋ ተሸጣ፣ አባዬም የኤንትሬ መሪ ጨብጦ የአሰብን መንገድ ተያይዞት ነበር። ስለዚህ በዓይኔ አይቻት አላውቅም። የማውቃት በአንዲት ፎቶግራፍ ነው።

ፎቶግራፏ በ1972 ዓ.ም. ከሐይቁ ዳር የተነሣች፣ ከመዳፍ እምብዛም የማትበልጥ የቀለም ፎቶ ናት። ያነሣው ከደሴ የመጣ ፎቶ አንሺ ነው። አባዬ ግራ እጁን ኮፈኑ ላይ ጣል አድርጎ፣ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎ ቆሟል። ከኋላው ደንገሉ፣ ከደንገሉ ወዲያ ውሃው፣ ከውሃው ወዲያ በጭጋግ የተዋጠ ተራራ ይታያል። ፈገግ አላለም። በዚያ ዘመን ካሜራ ፊት ፈገግ ማለት ቀልድ አድርጎ ያስቆጥር ነበር መሰለኝ፤ ከአልበሙ ሰዎች ውስጥ አንድም የሚስቅ አልነበረም። አልበሙ ከእናቴ ሣጥን የሚወጣው በዓመት በዓል ብቻ ነው። እኛ ልጆቿ ከብበን እናየዋለን፤ እሷም ስትጨርሱ በነጠላ ጠቅልላ ወደ ጨለማው ትመልሰዋለች።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ እናቴ እንደ ብዙው የአገሩ ሰው በእግሯ ወጣች። አልበሙ ከበዳት። ከውስጡ አንዲቱን ፎቶ መዝዛ፣ ለሁለት አጥፋ በመቀነቷ ቋጠረቻት። ታኅሣሥ ላይ ስትመለስ በሩ ተገንጥሎ፣ ሣጥኑም አልበሙም ከቤቱ ጠፍተው አገኘች። የሠርጋቸው ፎቶ፣ የእታለም ክርስትና፣ አያቴ በበቅሎ ላይ ሆና የተነሣችው፣ ሁሉም ሄደ። የቀረችልን ይህችው የመቀነት ፎቶ ናት፤ እጥፋቷም ላንድሮቨሯን ልክ በበሯ ላይ ለሁለት ከፍሏታል።

ይህን የምጽፈው ስለዚያች መኪና ቀለም ነው። እንጀራዬ ቀለም መለወጥ ስለሆነ ነገሩ ከእኔ ጋር የሚነካካው በሁለት በኩል ነው።

ሙያውን የለመድኩት በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ፎቶ ቤት ነው። ሰው ፏፏቴ ወይም አውሮፕላን የተሣለበት መጋረጃ ፊት ቆሞ የሚነሣበት ዘመን እያለፈ፣ ኮምፒውተሩ የመጋረጃውን ሥራ እየወሰደ ነበር። ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች የጀመሩት ፎቶሾፕ በ1990 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ፣ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ስንት ሰው ያልነዳውን መኪና ተደግፎ እንዲቆም እንደሚያደርግ አላሰቡትም ይሆናል። እኔ ብቻዬን የቀየርኳቸው መኪኖች ቢሰለፉ ከስታዲየም እስከ ለገሃር ይደርሳሉ። የሙሽራ መኪና ከአበባው ጋር አልሄደም ተብሎ ይቀየራል፤ ጥቁር የነበረው «ለሐዘን ይመስላል» ተብሎ ይቀየራል።

ከሁሉም የማልረሳው አንድ የላዳ ታክሲ ባለቤትን ነው። ላዳውን ተደግፎ የተነሣውን ፎቶ ይዞ መጣና፣ ሰማያዊና ነጩን አጥፍቼ አንድ ወጥ ነጭ እንዳደርግለት ጠየቀኝ። ፎቶው የሚላከው ለእጮኛው ቤተሰቦች ነበር። ሠርቼ ሰጠሁት፤ ደስ ብሎት ሊከፍል ሲል እጁ ኪሱ ውስጥ ቀረ። «ታርጋው!» አለ። እውነቱን ነው፤ የታክሲ ታርጋ በዚያን ጊዜ ኮድ 1፣ ጽሑፉ ቀይ ነበር፤ የቤት መኪና ደግሞ ኮድ 2፣ ሰማያዊ። ታርጋውንም ለወጥኩለት። ጋብቻው እንዴት እንደሆነ አልሰማሁም። ዛሬ ሳስበው ትንሽ ይቆጠቁጠኛል፤ ያን ጊዜ ግን በታርጋው ጥራት ኮርቼ ነበር።

ለማያውቀው አስማት ይመስላል እንጂ ብልሃቱ ግልጽ ነው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ነጥብ በሦስት ነገር ሊመዝናት ይችላል፦ ምን ዓይነት ቀለም ናት፣ ቀለሙን ምን ያህል ጠግባዋለች፣ ብርሃኗ ምን ያህል ነው። የመኪናዋን ዙሪያ በጥንቃቄ ትከልላለህ፤ ይህ ክለላ ማስክ ይባላል። ከዚያ የቀለሙን ዓይነት ብቻ እንደ ራዲዮ ቁልፍ ታዞራለህ፤ ጥጋቡንና ብርሃኑን አትነካም። ቀዩ ብርቱካን፣ ብርቱካኑ ቢጫ፣ ቢጫው አረንጓዴ እየሆነ ይዞራል፤ ጥላው ግን ጥላ፣ ነጸብራቁም ነጸብራቅ እንደሆነ ይቀራል። ነጭ መኪና አስቸጋሪ ነው፤ የሚዞር ቀለም የለውምና ብርሃኑን ቀንሰህ ቀለም መደረብ አለብህ። ጥቁሩን ነጭ ማድረግ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ካሜራው በጥቁሩ ውስጥ ሳይመዘግበው የቀረውን የጥላ ዝርዝር ከየት ታመጣዋለህ? ጀማሪን የሚያጋልጠው ግን መኪናው አይደለም። ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ የወደቀው ምስል ነው። ሰማያዊ የተደረገች መኪና ከሥሯ ቀይ ጥላ ጥላ ስትሄድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

እንግዲህ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ደወለች። «የአባዬን ሙት ዓመት ልናስብ ነው። ፎቶውን አድስልኝ። መኪናዋንም ደብዝዛለችና እንደ ጥንቱ ቀይ አድርጋት» አለችኝ። እታለም ፎቶው ሲነሣ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በመኪናዋም ተሳፍራለች። ከእኔ የበለጠ ምስክር ናት ብዬ ተቀበልኩ።

ፎቶውን ስካን አድርጌ ሦስት ሌሊት ሠራሁበት። እጥፋቱን ነጥብ በነጥብ ከግራና ከቀኝ እየተበደርኩ ደፈንኩት። ቀጥሎ ቀላነቱ ነበር፤ ፎቶው ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል፣ ውሃው ጽጌረዳ፣ የአባዬ ሸሚዝ ሐምራዊ የነካው መስሏል። ይህን ማረም ለእኛ የዕለት ሥራ ነው። በፎቶው ውስጥ ነጭ ወይም አመድማ የነበረ ነገር ፈልገህ ለኮምፒውተሩ «ይህ ቀለም የለውም» ብለህ ትጠቁመዋለህ፤ እሱም የቀረውን ሁሉ በዚያው ልክ ያቃናዋል። የአባዬን ሸሚዝ ጠቆምኩት። ውሃው ሰማያዊ ሆነ፣ ደንገሉ ነፍስ ዘራ። መኪናዋን ግን አስቀድሜ ከልዬ አግልያት ነበር፤ እርማቱ ቀይነቷንም አብሮ እንዳያጥበው ብዬ። ከዚያ በኋላ ቀዩን አጠገብኩት። በጣም ያማረች መኪና ወጣች፤ እውነቴን ነው፣ ዛሬም ሳያት ታምረኛለች።

ለእታለም በኢሜይል ላክሁላት። ለእናቴ ሃምሳ በሰባ አሳትሜ ለገና ሐይቅ ወረድኩ።

እናቴ በዚያን ጊዜ ሁለቱንም ዓይኖቿን የዓይን ሞራ ጋርዷቸው ነበር። ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋችውና ፊቷን ወደ ፊቱ አስጠጋች። «እሱ ነው» አለች፤ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ጣቷ ወደ ጎን ሄደ።

«ይህቺ የማን መኪና ናት?»

«የአባዬ ናታ! ላንድሮቨሯ።»

«እሷማ አረንጓዴ ነበረች።»

ታላቅ ወንድሜ ሣቀ። «እማዬ፣ ፎቶው ላይ እኮ ቀይ ናት። ዓይንሽ ነው» አላት።

«ዓይኔማ ደክሟል» አለች ሳትቆጣ። «የቀላው ግን ፎቶው ነው፤ መኪናዋ መቼ ቀላች? ከዓመት ዓመት ሲቀላ እያየሁት ነው የኖርኩት። ይህ ልጅ ሲወለድ እንዲህ አልነበረም።»

ወንድሜ ሊመልስላት ከጀለ። እሷ ግን ስኒዎቹን እየደረደረች፣ ለማንም እንዳልሆነ አድርጋ ቀጠለች። «ቀይ ብትሆን ኖሮ ከውጫሌ በኩል ስትመጣ ገና ከሩቅ ባየኋት ነበር። ክረምት ክረምት ከማሳው አትለይም። በጆሮዬ ነበር የምጠብቃት። ማርሽ ሲለውጥ አውቀው ነበር።»

ቡናው ጀባ ተባለ። ፊቴን አይታ መሰለኝ፣ «አብሽር የኔ አባት፣ ቆንጆ ነው፤ ይሰቀላል» አለችኝ። ተሰቀለም።

አዲስ አበባ ስመለስ ፋይሉን ከፈትኩ። የፎቶሾፕ ደግነቱ ሥራህን በንብብር ማስቀመጡ ነው፤ የሸፈንከውን ገልጠህ ልታየው ትችላለህ። የመኪናዋን ክለላ አነሣሁና፣ ለውሃውና ለደንገሉ የሆነው እርማት ለእሷም እንዲደርሳት አደረግሁ። ቀይነቷ ጠፋ። አረንጓዴ ሆነች ግን አልልም፤ የጭቃ መልክ ያላት፣ ቡናማም አረንጓዴም ያልሆነች ነገር ሆነች።

ነገሩን ማወቅ ነበረብኝ፤ ሙያዬ ነውና። የዚያ ዘመን የቀለም ፎቶ በሦስት ማቅለሚያዎች የተሠራ ነው፦ ቢጫ፣ ማጄንታ የሚባለው ደማቅ ሮዝና ሲያን የሚባለው አረንጓዴ ያጠላበት ሰማያዊ። ሦስቱ እኩል አያረጁም። በብርሃን የተሰቀለ ፎቶ በሌላ መንገድ ይደበዝዛል፤ ሣጥን ውስጥ፣ በጨለማ በተቀመጠ የ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ፎቶ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ሲያኑ ነው። ሲያን ሲሄድ የሚቀሩት ቢጫና ሮዝ ናቸው፤ ሁለቱ ተደርበው ቀይ ይሰጣሉ። ጥቁር አረንጓዴ የነበረ ነገር ሲያኑ ከውስጡ ሲወጣ ወደ ቀይ ዳማ ይሄዳል። እናቴ ፎቶውን ከፀሐይ ስትጠብቀው፣ በነጠላ እየጠቀለለች ወደ ጨለማው ስትመልሰው፣ አረንጓዴው እዚያው ጨለማ ውስጥ ይፈታ ነበር።

እኛስ ለምን አልነቃንም? ጥፋቱ ከፊሉ የቋንቋችን ይመስለኛል። አማርኛ «ቀይ» ሲል እጁ ሰፊ ነው፤ ቀይ በሬ እንላለን፣ ቀይ ሰው እንላለን፣ ቀይ አፈር እንላለን፤ አንዳቸውም የደም ቀይ አይደሉም። ልጆች ሆነን ያየናት ዳማ መኪና «ቀይ» ተባለች፤ አልዋሸንም። የዋሸሁት በኋላ ነው፤ ቃሉን ይዤ ቀለሙን ቃሉን እንዲመስል ያጠገብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያው ከሐይቁ ዳር፣ በደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ የተዘጋጀ የብራና ወንጌል አለ፤ የጻድቁም ምስል በውስጡ ተሥሏል። ምስሉን በመጽሐፍ ታትሞ አይቼዋለሁ። 700 ዓመት አልፎት ቀዩ ቀይ ነው። እናቴ በዚያ ገዳም ደጃፍ ዕድሜዋን ኖራ ሴት ስለማይገባበት አላየችውም። የእኛ ፎቶ ግን አርባ ዓመት አልሞላውም ነበር ሲከዳ።

እርማቱ ጭቃ ብቻ ከሰጠኝ፣ አረንጓዴውን ከየት ላምጣ? ላንድሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አረንጓዴ ነበሩ፤ ቀለሙም ከጦርነቱ የተረፈ የአውሮፕላን ቀለም ነበር ይባላል። በኋላም ጥቁር አረንጓዴው የኩባንያው መታወቂያ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ሰማያዊም፣ አመድማም፣ ቀይም ሠርተዋል። ምስክሬ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ደወልኩላት።

«ምን ዓይነት አረንጓዴ ነበር እማዬ?»

«እንደ ጌሾ።»

«እንደ እርጥቡ ጌሾ?»

«አይ፣ እርጥቡ ይጮኻል። ጥላ ውስጥ የደረቀው። ሳይቢጭ የደረቀው።»

በማግሥቱ ከመርካቶ ጌሾ ገዛሁ። ከቅጠሉ መልኩ የተሻለውን ለቅሜ በስካነሩ መስተዋት ላይ ደረደርኩት፤ የሥራ ባልደረቦቼ ጠላ ልጠምቅ መስሏቸው ሣቁብኝ። ከቅጠሉ ላይ ቀለሙን ቀዳሁና በመኪናዋ ላይ ደረብኩት። ጥላዋንና ነጸብራቋን እንዳለ ተውኩት። አረንጓዴ መኪና ወጣች። ከቀይዋ ይልቅ ታናሽ፣ ከደንገሉ ጋር የምትመሳሰል፣ ዓይን የማትጠራ መኪና። አባዬ ግን ከፊቷ ጎልቶ ወጣ። ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ ቀይዋ መኪና እሱን ትጋርደው ኖሯል።

ለእታለም ላክሁላት። ብዙ ቀን ዝም አለችኝ፤ በመጨረሻም ደወለች። ቀይዋን አሳትማ፣ በመስተዋት አስገብታ፣ ሳሎኗ ሰቅላለች፤ ሙት ዓመቱም በቀይዋ ተዘክሯል። «እኔ የተሳፈርኩባት መኪና ቀይ ናት» አለችኝ። «የኋላ ወንበሯ ሲሞቅ እግሬን ያቃጥለኝ ነበር። አንተ አልነበርክም።» አልነበርኩም፤ ምን እመልሳለሁ? የሦስት ዓመት ልጅ ያየችውን ረስታ ከአልበሙ የተማረችውን ነው የምታስታውሰው ብላት ከአባቷ ነጥዬ ማስቀረቴ ነው። «እሺ እታለም» አልኳት። እነሆ አሁን አባዬ በሁለት መኪና አለ፤ ሜሪላንድ በቀይ፣ ሐይቅ ደግሞ በአረንጓዴ። መቼም ሲያመላልስባት የኖረው በውጫሌ መንገድ ነው፤ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ የተናገረበት አገር ነው። የእኛ ግን እስከ ዓድዋ አያደርስም።

በየካቲት ወንድሜ እናቴን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወስዶ የአንድ ዓይኗ ሞራ ተገፈፈላት። የዓይን ሞራ ዓለምን እንደ አሮጌ ፎቶ ቢጫና ቡናማ እንደሚያለብስ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ማሰሪያው በተፈታ ማግሥት በስልክ የነገረችኝ ስለ ሰማዩ ነው፤ «እንዲህ ነበር እንዴ?» አለች። ስለ ውሃውም ነገረችኝ።

ለፋሲካ አረንጓዴዋን ይዤ ወረድኩ። ቀይዋ ከግድግዳው አልወረደችም ነበር። እናቴ አዲሱን ፎቶ ተቀበለችና እንደ በፊቱ ወደ በሩ አልሄደችም፤ ከተቀመጠችበት ሆና አየችው። መኪናዋን በጣቷ ነካ አድርጋ «አዎ» አለች፤ በቃ። የጌሾው ድካም በአንዲት «አዎ» አለቀ። ቅር አለኝ ብል አልዋሽም።

ከዚያ ዓይኗ ወደ አባዬ ሄደና እዚያ ቀረ።

«ሸሚዙን ለምን ነጭ አደረግኸው?» አለችኝ።

«ነጭ አይደለም እንዴ?»

«ውሃ ሰማያዊ ነበር። እኔ ነኝ ከደሴ የገዛሁለት። ነጭ ለሾፌር ማን ይገዛል?»

ኮምፒውተሩን ከሻንጣዬ አወጣሁ። ፎቶውን ሁሉ ያቃናሁት ያን ሸሚዝ «ይህ ቀለም የለውም» ብዬ ጠቁሜ ነው፤ ሸሚዙ ሰማያዊ ከነበረ፣ ውሃውም ደንገሉም ተራራውም የአባዬ ፊትም ከልካቸው ወጥተዋል ማለት ነው። ሌላ ምስክር ፈለግሁ። የላንድሮቨሯ የፊት ፓራውልት ዓይኔን ያዘው፤ ቀለም ያልተቀባ፣ በዚንክ የተነከረ ብረት፣ ከፋብሪካ ጀምሮ አመድማ። የጌሾውን ንብብር ዘጋሁ፤ የመኪናዋን ክለላ አነሣሁ፤ ቀስቱን በፓራውልቱ ላይ አሳርፌ ተጫንኩ።

ሸሚዙ ቀስ ብሎ ሰማያዊ አለ። ከኋላው መኪናዋ ከጭቃው ወጣች። ለማነጻጸር ጌሾውን መልሼ ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ደግሜ ከፈትኩት። እናቴ ከጀርባዬ ሆና የሚበራውን የሚጠፋውን እያየች፣ «ምን ታበራለህ ታጠፋለህ፤ ተወው እንጂ፣ ልየው» አለችኝ። ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩት።